የእግሬን ደም ስር ደብቄ የኖርኩባቸው ዓመታት

መጀመሪያ ያየኋት ከግራ ጉልበቴ ጀርባ የወጣች አንዲት ሰማያዊ መስመር ነበረች። ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። እማዬ አየችና «አብሽሪ፣ የእርግዝና ነው፤ ስትገላገዪ ይጠፋል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ከወለድኩ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ደብዝዛ ልትጠፋ ደረሰች። በሁለተኛው ልጅ ግን ወፍራ ተመለሰች። በሦስተኛው፣ በ2006፣ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የተጠማዘዘ ገመድ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ጠፍታ አታውቅም።

ቤቴ ደሴ ነው፤ የማስተምረው ኮምቦልቻ። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎ የሚባለውን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው የምውለው። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ከሰዓት በኋላ ግራ እግሬ እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። የጫማዬ ጠርዝ እግሬ ላይ ይታተማል። ማታ የደሴ ብርድ ሲቀበለኝ ቀለል ይለኛል። ሌሊት ደግሞ ባቴን ጨምድዶ ይዞ ከእንቅልፌ ያስነሳኛል። ሙቀት ደም ስርን እንደሚያሰፋው ያኔ አላውቅም ነበር። «የኮምቦልቻ አየር አልተስማማኝም» እያልኩ ነበር የማልፈው።

ለዓመታት ለማንም አላሳየሁም። ቀሚሴ ረጅም ነው፣ ማን ያያል? ባለቤቴ እንኳ ሲጠይቀኝ «ድካም ነው» እለው ነበር። ውስጤ ግን በጥያቄ ተሞልቶ ነበር። ካንሰር ይሆን? የጎረቤታችን እናት እንደያዛቸው ዝሆኔ ይሆን? ሐኪም ቢነካው ሽባ ያደርገኝ ይሆን? ተማሪዎቼን «ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልኩ የማስተምር ሰው፣ የራሴን ጥያቄ ለስምንት ዓመት አፍኜ ያዝኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በረጅም ቀሚስ ስር እግሯን ደብቃ ለምትሄድ እህቴ ነው። ለወንዶችም ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ አስተናጋጁ፣ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ሙሉ ቆሞ የሚውለውም ይህ ችግር አለበት።

ስህተቶቼን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሙቅ ውሃ ነው። ማታ ማታ ሳፋ ላይ ሙቅ ውሃና ጨው አድርጌ እግሬን እዘፈዝፍ ነበር። ለጊዜው ደስ ይላል። ጠዋት ግን እብጠቱ ብሶ ይገኛል። ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። «ጅማት ነው የዞረው» ብሎ ያንን ያበጠ ደም ስር በቅቤ አሸኝ። ሦስት ቀን መራመድ አቃተኝ። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ደም ስሩ ውስጥ የረጋ ደም ካለ በኃይል ማሸት በጣም አደገኛ ነው።

ከዚያ ቆዳው መጣ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳዬ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ያሳክከኝ ጀመር። ችፌ መስሎኝ ከፋርማሲ ቅባት እየገዛሁ ዓመት ያህል ቀባሁት። ማሳከኩ ትንሽ ይተወኛል፣ ቆዳው ግን እየሳሳ ሄደ።

አንዲት ወዳጄ «ደምሽ ስለተበላሸ ነው፤ ሒጃማ ሥሪ» አለችኝ፤ በዋንጫ ስቦና በጥቶ ደም ማስወጣት ማለት ነው። እሺ አልኩ። ዋንጫውን በቀጥታ ባቴ ላይ፣ ካበጠው ደም ስር ጎን ለጠፉት። ሲበጡት የወጣው ደም እስከ መግሪብ አልቆም አለ። ሒጃማን መንቀፌ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ያለውን ቦታ አውቃለሁ። ነገር ግን ያበጠ ደም ስር ላይ ወይም አጠገቡ ምላጭ አይነካም። እባካችሁ ይህቺን ብቻ እንኳ ያዙልኝ።

የቆዳ ነገር ሲሆን የደሴ ሰው መቼም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ነው የሚያስበው። እኔም በ2009 ለዚያው ለችፌዬ ብዬ ሄድኩ። የቆዳ ሐኪሟ ጥቁሩን ቆዳ አየችና አልጋ ላይ እንድተኛ ሳይሆን እንድቆም አዘዘችኝ። «ተነሺ፣ ቀሚስሽን እስከ ጉልበት ሰብስቢልኝ።» ሰበሰብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም እግሬን አየ። ቆም ስል ደም ስሮቹ ተነፉ። እሷ አልደነገጠችም። «እህቴ፣ የታመመው ቆዳሽ አይደለም፤ ደም ስርሽ ነው። ደሙ እግርሽ ላይ ስለሚከማች ነው ቆዳው እንዲህ የሆነው። ካልታከምሽ ይቆስላል» አለችኝ። ዶፕለር የሚባል አልትራሳውንድ ተነስቼ ቀዶ ሐኪም ጋ እንድሄድ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ወረቀቱን ወደ ቤት ወሰድኩት። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀመጥኩት። እዚያው አንድ ዓመት ከረመ። ከሁሉም ስህተቴ ይህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ባለማወቄ ነበር፣ አሁን ግን እያወቅኩ ነው። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ሌላው ደግሞ ሕመሜን የመልክ ጉዳይ አድርጌ ማየቴ ነው። «ሦስት ልጅ እያሳደግኩ ለእግሬ ውበት ገንዘብ ላውጣ?» እል ነበር። ይህን የሚሉ ብዙ ሴቶች ከዚያ በኋላ አጋጥመውኛል። እግር የሚከብድ፣ የሚያብጥ፣ ቆዳ የሚያጠቁር ከሆነ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ በሽታ ነው።

ታኅሣሥ 2010፣ ከሱብሒ በፊት ነው። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃ አሙቄ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ውዱእ ላደርግ ዝቅ አልኩ። ቀኝ እግሬን ታጠብኩ። ግራ እግሬ ላይ ሙቁን ውሃ ሳፈስ፣ ጥቁሩ ቆዳ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣቴ ነካ አደረግኳት። ያመመኝ ነገር የለም። ብቻ የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ «ጠሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ውሃ መሰለኝ። በመብራቱ ሳየው ቀይ ነው። እንደ ክር ቀጥ ብሎ እየተወነጨፈ ነጩን ግድግዳ ይመታል።

ጮኼ ተነሳሁ። እየሮጥኩ ወደ ሳሎን ገባሁ። ስቆምና ስራመድ ደሙ ጭራሽ ባሰ፤ ምንጣፉ ላይ ዱካዬ በደም ታተመ። እማዬ ነጠላዋን ቀድዳ ከጉልበቴ በታች ጥፍንግ አድርጋ አሰረችው። አልቆመም። ልጆቹ ነቅተው ያለቅሳሉ። ባለቤቴ ጎረቤታችን ያለችውን ነርስ ጠርቶ መጣ። ሲስተር ገና በሩ ላይ ሆና «አስተኟት! መሬት ላይ አስተኟት!» አለች። ጀርባዬን ምንጣፉ ላይ አሳረፉኝ። እግሬን አንስታ ወንበር ላይ ሰቀለችው፣ ነጠላውን ፈታችው፣ ንጹሕ ፎጣ አጥፋ ደሙ የሚወጣበት ነጥብ ላይ በመዳፏ ተጫነች። «ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንዳትከፍቱት» አለች። ቆመ። ያ ሁሉ ደም፣ እግር ሲሰቀልና ሲጫኑት ቆመ።

ስለዚህ ያበጠ ደም ስር ያለባችሁ ሁሉ ለቤተሰባችሁ ዛሬውኑ ንገሩ። ከደማ ወዲያው መተኛት፣ እግርን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ በንጹሕ ጨርቅ ነጥቡን ሳይለቁ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጫን ነው። ከላይ በገመድ ወይም በነጠላ ማሰር አይደለም። ደሙ ቢቆምም ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ስለማያምም ሰው ይዘናጋል። ብቻውን ሆኖ ደም ፈሶት የሚሞት ሰው እንዳለ ሐኪሙ ነግሮኛል።

ያን ቀን ጠዋት ወረቀቱን ከቁምሳጥን አወጣሁት።

ዶፕለሩን ደሴ ነው የተነሳሁት። በማሽኑ ያየኝ ባለሙያ እንደ እርግዝና አልትራሳውንድ አላስተኛኝም፤ በርጩማ ላይ አቁሞ ነው ያየኝ። ባቴን በእጁ ጨመቅ አድርጎ ሲለቀው፣ ማሽኑ «ሽውውው» ይላል። «ይሄ ወደ ታች የሚመለሰው ደምሽ ነው» አለኝ። ሳያቆሙ ከሚያዩዋችሁ ይልቅ ቢያቆሟችሁ ይሻላል፤ ችግሩ በደንብ የሚታየው ስትቆሙ ነው።

የቀዶ ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳኝ ወረቀት ላይ ሳለልኝ። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። ደም ስሩ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ቫልቭ ይባላሉ። እነሱ ሲደክሙ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ ይከማቻል፣ ደም ስሩን ይለጥጠዋል። እኔ ወዲያው ሐረጎ ታየኝ። ዳገቱ ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ከታች ያሉትን ሁሉ ሲያጨናንቅ። በዘር ይመጣል፣ እርግዝና ያባብሰዋል፣ ቆሞ መዋልና ውፍረትም ይጨምሩበታል። የእማዬን እግር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ደብቃ ኖራለች።

ወደ ሐኪሙ የገባሁት ጥያቄዬን ደብተር ላይ ጽፌ ነው። በቃል ብሆን ግማሹን እረሳው፣ ግማሹን አፍሬ እተወው ነበር። ዶክተሩ ደብተሩን ሲያይ ፈገግ አለና «አንድ በአንድ አንብቢልኝ» አለኝ።

አንደኛ፦ ደም ስሩ ከወጣ ደሙ በየት ይሄዳል? ከቆዳ ስር ያሉት ደም ስሮች የሚሸከሙት ከእግር ደም አንድ አስረኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ያሉት ናቸው አለኝ። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞችም ይህንኑ ደም ስር ከእግር አውጥተው ለልብ ይጠቀሙበታል። ሁለተኛ፦ ሽባ ያደርጋል? አያደርግም። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ትንሽ መደንዘዝ ግን ሊኖር ይችላል። ሦስተኛ፦ ካንሰር ይሆናል? ደም ስሩ ራሱ ካንሰር አይደለም፤ ለዓመታት አልድን ያለ ቁስል ካለ ግን መታየት አለበት። ተመልሶ ይመጣል? የወጣው አይመለስም፤ በሌላ ደም ስር ላይ አዲስ ሊወጣ ይችላል። እንደገና ባረግዝስ? እርግዝና ስለሚያባብሰው ከተቻለ ወልዶ ከጨረሱ በኋላ መታከም ይመረጣል፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ካልሲና እረፍት እንጂ ቀዶ ሕክምናም መርፌም አይሠራላትም። መስገድስ እችላለሁ? ይህን ስጠይቀው ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር። «መጀመሪያዎቹን ቀናት ወንበር ላይ ሆነሽ፤ ከዚያ እንደልብሽ» አለኝ።

እሱም ጠየቀኝ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ትወስጃለሽ? እግርሽ ድንገት አብጦ ያውቃል? ከቤተሰብ ደም የረጋበት አለ? ክኒኑን ባለቤቴ አጠገቤ ስለነበር ለመናገር ፈራ ተባ አልኩ። ነገርኩት። ክኒኑ ደም የመርጋት ዕድልን ስለሚጨምር ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሌላ ተቀየረልኝ። ይህን የመሰለ ነገር አትደብቁ።

ሕክምናው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ደም ስሩን ከብሽሽት አስሮ ማውጣት አለ። ሳያወጡ በጨረር ወይም በሙቀት ከውስጥ ማድረቅ አለ። መድኃኒት በመርፌ ሰጥቶ ማጣበቅ አለ። ለእኔ የተመረጠው የመጀመሪያው ነው። የደም ስር ቀዶ ሐኪም ዘንድ አዲስ አበባ ተላክሁ። ገንዘቡን እንዴት አገኘሁ ለምትሉኝ፣ የመምህራን እቁባችን ነው። ተራው የእኔ አልነበረም፤ ጓደኛዬ ተራዋን ለቀቀችልኝ።

የካቲት ላይ ተሠራሁ። በወገብ በሚሰጥ ማደንዘዣ ስለነበር ነቅቼ ነው፤ ሐኪሞቹ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ማታውኑ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ እንድራመድ አደረጉኝ። ተኝቶ መሰንበት ደም ያረጋል፤ ስለዚህ «ታማለች፣ ትተኛ» የሚሉ ዘመዶችን እሺ አትበሉ። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ጭኔ ከላይ እስከ ታች በልዟል፣ ሰማያዊም አረንጓዴም ነው። አለቀስኩ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንደ ሳንቲም የምታህል የደነዘዘች ቦታ እስከ ዛሬ አለች፤ አታስቸግረኝም።

እህቴ ቤት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቶሎ መሳፈር አልተፈቀደልኝም። አውቶቡስ ላይ ካልሲዬን አድርጌ፣ ውሃ እየጠጣሁ፣ የእግሬን ጣቶች ወደ ላይ ወደ ታች እያንቀሳቀስኩ ነው የመጣሁት። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ በቆመበት ሁሉ ወርጄ ተራመድኩ። ቤት ስደርስ የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁኝ። እማዬ አቦሉን ቀዳችልኝ።

ስለ ካልሲው ብዙ ማለት አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እኔም ከገበያ ሳልለካ ገዝቼ ነበር። ከጉልበቴ በታች ተጠቅልሎ ገመድ ሆነብኝ፤ ሥጋዬ ላይ ቦይ አወጣ። ትክክለኛው ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ በጣም ይጠብቃል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። በሜትር ተለክቶ ነው የሚገዛው፤ የሚለካውም ጠዋት እግር ሳያብጥ ነው። ከአልጋ ሳትወርዱ ነው የሚጠለቀው። እኔ እስከ ተረከዝ ገልብጬ፣ መጀመሪያ እግሬን አስገባለሁ፣ ከዚያ በመዳፌ እያለሰለስኩ አወጣዋለሁ። የትም ቦታ መጨማደድ የለበትም። ማታ ይወልቃል። በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በስድስት ወር ገደማ ይላላል፤ ይቀየራል። ስኳር ያለባችሁ ወይም ስትራመዱ ባታችሁን የሚያማችሁ ግን ያለ ሐኪም አታድርጉ፤ ወደ እግር ደም የሚያወርደው ደም ስር የጠበበ ከሆነ ካልሲው ይጎዳል። ለውዱእ ምን ላድርግ ብዬ የሰፈራችንን ሼህ ጠየቅኋቸው። ሳይቆጡ፣ ሳያቃልሉ አስረዱኝ። አፍሬ ባልጠይቅ ኖሮ ካልሲውን ትቼው ነበር።

ጭኔ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ቀይና ሐምራዊ መስመሮች ቀርተዋል። ይጠፉ እንደሆነ ጠየቅኩ። ጉዳት የላቸውም፤ በቀጭን መርፌ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሊደርቁ ይችላሉ፣ ግን በአንድ ቀን አያልቅም፣ ለወራት የሚቆይ ቡናማ ምልክትም ሊተው ይችላል ተባልኩ። ተውኩት። ታናሽ እህቴ ግን ሠርጓ ሲቀርብ «እኔ እፈልጋለሁ» አለች። መብቷ ነው። አንድ ወር ሲቀረው እንዳታደርገው ብቻ ለመንኳት፤ ምልክቱ ሠርጉን ይጠብቃል። «ደም ስር ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባትም ገዝታ ነበር። ከቆዳ ስር ያለ ደም ስር የሚያጠፋ ቅባት የለም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልሄድም። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባት ካመመ፣ ይህ የተለመደው ድካም አይደለም፤ በጥልቁ ደም ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ነገ አይባልም።

ዛሬም ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ወንበር አስገብቻለሁ፤ ልጆቹ ሲጽፉ እቀመጣለሁ። ስቆም በጣቶቼ እየተነሳሁ እወርዳለሁ፣ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋልና። ማታ ትራስ ላይ እግሬን እሰቅላለሁ። ያ ጥቁር ቆዳ ሙሉ በሙሉ ባይነጣም ማሳከኩን ትቷል።

ባለፈው ሳምንት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻችንን ስንቀር አንዲት ባልደረባዬ በሩን ዘጋችና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለችኝ። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። የእሷ በቀኝ እግሯ ነው። ከጀመራት አራት ዓመት ሆኗታል፣ ለማንም አላሳየችም። ደብተር አወጣሁና የምትጠይቀውን አብረን መጻፍ ጀመርን። ቅዳሜ ጠዋት ደሴ፣ ለዶፕለሩ አብሬያት እሄዳለሁ።